የቪዲዮ ማመቂያ ፈጠራ ፓተንት መርማሪ ፊት ሲቀርብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ ሠርተው የአሜሪካን ወይም የአውሮፓን ፓተንት ለሚያስቡ፤ ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቪዲዮ ማመቅ ውስጥ ፓተንት የሚደረገው የቱ ነው?

መጀመሪያ ችግሩን በቁጥር እንየው። 1920 በ1080 ፒክስል የሆነ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ቋሚ ሥዕል) ያለው ቪዲዮ አለን እንበል። ለእያንዳንዱ ፒክስል 24 ቢት ከያዝን በሰከንድ 1.5 ጊጋቢት ገደማ ይሆናል። አንዷ ደቂቃ 11 ጊጋባይት ትበላለች። በዚህ ሒሳብ የእህትን ሠርግ በቴሌግራም መላክ ቀርቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥም አይታሰብም።

ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮን የሚያምቀውና መልሶ የሚፈታው ሥርዓት፣ ይህን ሸክም የሚያቀለው በብዙ ትንንሽ ብልሃቶች ነው። ፍሬሙን በብሎክ ይከፋፍላል። እያንዳንዱ ብሎክ ባለፈው ፍሬም ላይ የት እንደነበረ ይፈልጋል። ካገኘው ሥዕሉን ደግሞ አይልክም፤ «ያ ብሎክ ሦስት ፒክስል ወደ ቀኝ ሄዷል» ብሎ ብቻ ይልካል። ከዚያ የቀረውን ልዩነት በድግግሞሽ፣ ማለትም ሥዕሉ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቀያየር፣ ይዘረዝረዋል፣ ዓይን የማያስተውለውን ይጥላል፣ የተረፈውን ባጠረ ኮድ ይጽፋል። ፓተንት የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ በሙሉ ኮዴክ ላይ አይደለም። ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ፣ ያውም በአንዷ ጥግ ላይ ነው። ለዚህ ነው አንድ ኮዴክ ላይ የብዙ ድርጅቶች ፓተንት ተደራርቦ የሚገኘው።

መርማሪው ኮዴኬን አስኪዶ ያየዋል?

አያየውም። ቪዲዮዎን ከፍቶ «ዋው፣ ጥራቱ!» የሚል ሰው የለም። መርማሪው ማመልከቻውን የሚመዝን የፓተንት ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ የሚያነበውም ወረቀት ነው፦ መግለጫውን፣ ሥዕሎቹን፣ ከሁሉም በላይ የመብት ጥያቄዎቹን። የመብት ጥያቄ፣ ባለሙያዎቹ ክሌም የሚሉት፣ ቁጥር የተሰጠው ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው። እንደ ወሰን ድንጋይ ቁጠሩት። ከዚህ እስከዚህ የኔ ነው ይላል።

መርማሪው በዚያ ወሰን ውስጥ ቀድሞ ሰው የሚያውቀው ነገር ካገኘ ወሰኑ ይፈርሳል። ኮዴኩ ጎበዝ መሆን አለመሆኑ ሌላ ወሬ ነው። ጎበዝ ፕሮግራመሮች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። ወራት ሙሉ ኮዱን ሲያሳምሩ ይከርሙና ክሌሙን በአንድ ማታ ይጽፋሉ። ምርመራው ግን ከዚያች አንድ ማታ ጋር ነው።

ምንጭ ኮዱን ማስገባት ግዴታ ነው?

አይደለም። ሆኖም በዘርፉ የሠለጠነ ሰው መግለጫውን አንብቦ ነገሩን ራሱ መሥራት መቻል አለበት። «ተስማሚውን የብሎክ መጠን በብልህ መንገድ እንመርጣለን» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። መምረጫው ምንድን ነው? ምን ከምን ጋር ይነጻጸራል? የወሰን ቁጥሩ ከየት መጣ?

ኒውራል ኔትወርክ፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም፣ ለሚጠቀሙ ነገሩ ይጠነክራል። በ2020 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የይግባኝ ቦርድ አንድ ማመልከቻ ኔትወርኩ በምን ዓይነት ዳታ እንደሠለጠነ ስላልገለጸ በቂ አይደለም ብሎታል። ጉዳዩ የልብን የደም ፍሰት ስለመለካት እንጂ ስለ ቪዲዮ አልነበረም። አመክንዮው ግን ቪዲዮ ላይም ይሠራል።

ጊትሃብ ላይ ለጥፌዋለሁ። አበቃልኝ?

እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ፈጣሪው ራሱ ይፋ ካደረገበት ቀን ጀምሮ የ1 ዓመት ፋታ ትሰጣለች። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ ፋታ የለም። ከማመልከቻው ቀን በፊት የትም ቦታ፣ በየትኛውም ቋንቋ ለሕዝብ የተገለጠ ነገር ሁሉ በእርስዎ ላይ ይቆጠራል። የራስዎ ጽሑፍም ቢሆን። ኮድ የሚለጠፍበት ጊትሃብ፣ የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የኮንፈረንስ ስላይድ፣ ሁሉም ያው ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ማመልከት፣ ከዚያ መለጠፍ ነው። አንድ አገር ካመለከቱ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ሌሎች አገሮች ላይ ሲያመለክቱ የመጀመሪያውን ቀን ይዘው መሄድ ይችላሉ። ይህ የፓሪስ ስምምነት የሚሰጠው የቀዳሚነት መብት ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ለስንት ዓመትስ ይቆያል?

ትዕግሥት ይጠይቃል። ማመልከቻው በ18ኛው ወር ይፋ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ውጭ ያለ ሰው አያየውም። ከመርማሪው ጋር የሚደረገው ምልልስ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመት ይወስዳል። ከተሰጠ ደግሞ ዘመኑ 20 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረው ግን ከተሰጠበት ሳይሆን ካመለከቱበት ቀን ነው። ምርመራው የበላው ጊዜ ከኪስዎ ይወጣል ማለት ነው። አሜሪካ ቢሮው ራሱ ላዘገየው የተወሰነ ጭማሪ ትሰጣለች።

20 ዓመት በዚህ ዘርፍ ብዙ ነው። ኤምፔግ-2፣ የዲቪዲው ኮዴክ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወጣ። የመጨረሻው የአሜሪካ ፓተንቱ ያበቃው በ2018 ነው። እስከዚያ ሰው ዲቪዲን ረስቶት ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥስ ማስመዝገብ ይቻላል?

ፓተንት ከአገር ድንበር አያልፍም። የአሜሪካው አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ የአዲስ አበባውም ካሊፎርኒያ ላይ አይሠራም። በአገር ቤት ጉዳዩን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። የፓተንቱ ዘመን 15 ዓመት ሲሆን 5 ዓመት ሊጨመርበት ይችላል። አዋጁ የሒሳብ ዘዴዎችንና የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ከፓተንት ውጭ አድርጓል። ስለዚህ ማመቂያዎን እንደ ባዶ ሶፍትዌር ሳይሆን እንደ መሣሪያ ወይም ምልክት እንደሚያስኬድ ሥርዓት አድርጎ መግለጽ የግድ ነው።

ሒሳብ ፓተንት አይደረግም ሲባል እሰማለሁ። ማመቅ ሒሳብ አይደለም እንዴ?

ነው። ክርክሩም ያረጀ ነው። የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት የሒሳብ ዘዴንና የኮምፒውተር ፕሮግራምን «እንዲሁ ባዶውን» አይቀበልም። በ1986 ግን ቪኮም በተባለው ጉዳይ የይግባኝ ቦርዱ መንገድ ከፈተ። ፈጠራው ዲጂታል ሥዕልን በትንንሽ የቁጥር ሰንጠረዦች ማጣራት ነበር። ቦርዱ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ሒሳቡ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ምልክት መልክ በተቀመጠ ሥዕል ላይ ከሆነና ውጤቱ የተለወጠ ሥዕል ከሆነ ነገሩ ቴክኒካዊ ሂደት ነው። ዛሬም የቢሮው የምርመራ መመሪያ ዳታን በቁጠባ ለማከማቸት ወይም በተሻለ መንገድ ለመላክ ኢንኮድ ማድረግን (ወደ ኮድ መለወጥን) እንደ ቴክኒካዊ ዓላማ ይቆጥረዋል። በአውሮፓ በር ላይ ቪዲዮ ብዙ አይጉላላም።

አሜሪካ ሌላ ነው። ከ2014ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የአሊስ ፍርድ ወዲህ ክሌሙ «ረቂቅ ሐሳብ» ብቻ ነው የሚለው ተቃውሞ በዝቷል። በ2017 የሰው ፊት ሥዕልን በኮድ ስለመላክ የነበረ ፓተንት፣ ሪኮግኒኮርፕ ከኒንቴንዶ በተከራከሩበት መዝገብ፣ በዚሁ ምክንያት ወደቀ። በ2023 ደግሞ የሪያልታይም ዳታ የማመቂያ ፓተንቶች ወደቁ። የዳታውን ዓይነት አይቶ ተስማሚ ማመቂያ መምረጥን የሚጠይቁ ነበሩ። ችግሩ ክሌሞቹ ውጤቱን እንጂ እንዴት እንደሚደረስበት አለመናገራቸው ነው። እኔ እዚህ ላይ ከፍርድ ቤቱ ጋር ነኝ። «ፋይሉ እንዲያንስ አድርገው» የሚል ክሌም ምኞት ነው። «የግራውንና የላዩን ብሎክ እንቅስቃሴ ወስደህ እንዲህ አድርገህ ገምት» የሚል ግን አሠራር ነው።

መርማሪው ቀድሞ የነበረውን ከየት ያገኘዋል?

ከሚያስቡት በላይ ብዙ ቦታ። የቪዲዮ ማመቂያ ፓተንቶች በዓለም አቀፉ ምደባ «ኤች 04 ኤን 19» በሚባለው ክፍል ታጭቀዋል። እዚያ ውስጥ ለእንቅስቃሴ ግምት፣ ለትራንስፎርም (በድግግሞሽ ለሚዘረዝረው ደረጃ)፣ ለሌላውም የየራሱ መሳቢያ አለ። መርማሪው መሳቢያውን ስቦ ይቆፍራል። ከፓተንት ውጭ የአይትሪፕልኢ (የመሐንዲሶች ማኅበር) መጽሔቶች አሉ፣ የጥናት ጽሑፎች በነፃ የሚለጠፉበት አርካይቭ የተባለ ድረ ገጽ አለ።

በዚህ ዘርፍ ዋናው ማዕድን ግን የስታንዳርድ፣ ማለትም ሁሉም የሚከተለው የጋራ የኮዴክ ደንብ የሚወጣባቸው፣ ስብሰባዎች ሰነድ ነው። የቪዲዮ ስታንዳርዶቹ ኤች.264 በ2003፣ ኤች.265 በ2013፣ ኤች.266 በ2020 ሲወጡ ከእያንዳንዱ ጀርባ ዓመታት የፈጁ ስብሰባዎች ነበሩ። በየስብሰባው ኩባንያዎች ብዙ ሐሳብ ያቀርባሉ። አብዛኛው ይወድቃል። የወደቀው ሐሳብ ግን ወረቀቱ አይጠፋም፤ ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጣል። እርስዎ ትናንት የደረሱበትን ነገር አንድ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት ጄኔቫ ላይ አቅርቦ «ጥቅሙ ትንሽ ነው» ተብሎ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ስታንዳርድ ውስጥ አለመግባቱ አያድንዎትም። የተነገረ ነገር ተነግሯል።

በፍለጋ ሪፖርቱ ላይ ያሉት ኤክስ፣ ዋይና ኤ ምንድን ናቸው?

የአውሮፓው ሪፖርት ከየሰነዱ ጎን ፊደል ያስቀምጣል። ኤክስ ማለት ያ ሰነድ ብቻውን ክሌሙን ይጥላል ማለት ነው። ዋይ ከሌላ ሰነድ ጋር ተጣምሮ ይጥላል። ኤ ለጠቅላላ ዕውቀት ነው፤ አያስፈራም። ሪፖርት ሲደርስዎ መጀመሪያ ኤክሶቹን ያንብቡ። ሙሉውን ያንብቡ እንጂ መርማሪው የጠቀሰውን አንቀጽ ብቻ አይዩ። መርማሪም ሰው ነው፤ አንዳንዴ ሥዕሉን አይቶ ከጽሑፉ በላይ ያነባል።

ዘዴዬ ፋይሉን በ20 ከመቶ ይቀንሳል። ይህ አይበቃም?

ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሁለት ፈተና አለ። የመጀመሪያው አዲስነት ነው፦ የክሌሙን ነጥቦች በሙሉ የያዘ አንድ ሰነድ አለ? ይህን ማለፍ ብዙ አይከብድም። ሁለተኛው ፈጠራዊ ብቃት ነው፦ በዘርፉ ለሠለጠነ ሰው ቀድሞ ከነበረው ተነስቶ እዚህ መድረስ ግልጽ ነበር ወይ? ማመልከቻዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ኤች.264 ውስጥ ትልቁ መሠረታዊ ብሎክ 16 በ16 ነበር። ኤች.265 ወደ 64 በ64 አሳደገው። ኤች.266 ወደ 128 በ128። እርስዎ መጥተው «እኔ 256 በ256 አድርጌዋለሁ፣ ለ8ኬ ቪዲዮ ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚላከው ዳታ) ወርዷል» ቢሉ መርማሪው ምን ይላል? መንገዱ ተጠርጎ ተሰጥቶዎት አንድ እርምጃ ሄዱ ነው የሚለው። ቢትሬቱ በእርግጥ ቢወርድም የሚጠበቅ ነበር። አሁን ነገሩን እንለውጠው። ብሎክ ሲተልቅ የዲኮደሩ፣ ማለትም የታመቀውን ቪዲዮ መልሶ የሚፈታው ክፍል፣ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ይጨናነቃል እንበል። እርስዎ ደግሞ ትልቁን ብሎክ በልዩ ቅደም ተከተል እያነበበ ማስታወሻውን የሚያስተርፍ ዘዴ አገኙ፤ ሰነዶቹም ወደዚያ አይጠቁሙም። አሁን የሚያከራክር ነገር ተገኘ።

አውሮፓ ይህን በሥርዓት ነው የሚሄድበት። የቅርቡን ሰነድ ይወስዳል፣ ልዩነቱን ያወጣል፣ ልዩነቱ የፈታውን ችግር ይቀርጻል፣ ከዚያ መፍትሔው ግልጽ ነበር ወይ ይላል። አሜሪካ ከ2007ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የኬኤስአር ፍርድ ወዲህ ላላ ያለ ነው፤ መርማሪው የታወቁ ነገሮችን ለማጣመር አሳማኝ ምክንያት ማቅረብ ይበቃዋል። የእርስዎ ውጤት ግን ከሚጠበቀው በላይ ከሆነ ሁለቱም ጋ ይረዳል። ስለዚህ የሙከራ ሰንጠረዡን ከመጀመሪያው መግለጫው ውስጥ ያስገቡት። የትኞቹ ቪዲዮዎች ላይ፣ በየትኛው ጥራት፣ ከየትኛው ኮዴክ ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ ጨምረው። ሁለት የኳስ ቪዲዮ ላይ ብቻ የተገኘ 20 ከመቶ ማንንም አያሳምንም።

«የመጨረሻ ውድቅ» የሚል ደብዳቤ ከአሜሪካ ደረሰኝ። ተስፋ ልቁረጥ?

ስሙ ነው የሚያስደነግጠው። መጨረሻ አይደለም። ክሌሙን አጥብበው፣ ገንዘብ ከፍለው ምርመራው እንዲቀጥል መጠየቅ ይችላሉ። ወይም ወደ ይግባኝ ቦርዱ መሄድ ይችላሉ። በስልክ ወይም በቪዲዮ መርማሪውን ማነጋገርም ይፈቀዳል፤ እንደኔ ከሆነ ከሦስት ደብዳቤ አንድ ጥሩ ውይይት ይሻላል። ብቻ ቀኑን አያሳልፉ። አብዛኛውን ጊዜ 3 ወር ነው፤ እየከፈሉ እስከ 6 ወር ይራዘማል። ከዚያ ካለፈ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል።

በነፃ የለቀቅኩትን ሐሳብ ሌላ ሰው ፓተንት ሊያደርገው ይችላል?

ሐሳቡን እንዳለ ከሆነ አይችልም። በላዩ የተጨመረውን ግን ሊችል ይችላል። የዚህ ምሳሌ ያሬክ ዱዳ ነው። ክራኮቭ፣ ፖላንድ ያለው የያጌሎኒያን ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ኤኤንኤስ የተባለ ዳታን ባጠረ ኮድ የመጻፍ ዘዴ አወጣ፤ ፍጥነትና ጥሩ እመቃን አንድ ላይ ያመጣ ዘዴ ነው። ጽሑፎቹን አርካይቭ ላይ አስቀመጠ፤ ሐሳቡ የሁሉም ይሁን አለ። ዛሬ የፌስቡክ ዜድስታንዳርድ፣ የአፕል ኤልዜድኤፍኤስኢ እና ጄፔግ ኤክስኤል በተባሉት ማመቂያዎች ውስጥ አለ።

ዱዳ የጉግልን መሐንዲሶች ኤኤንኤስን ለቪዲዮ እንዲያውሉት ሲረዳ ቆይቶ ነበር። በኋላ ጉግል ኤኤንኤስን ለቪዲዮ ኮድ ስለመጠቀም ፓተንት እንዳመለከተ አወቀ። ጉግል የሚጠይቀው ጠቅላላውን ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን አንድ የተወሰነ አጠቃቀሙን ነው ብሎ ተከራከረ። ዱዳ ተቃወመ። በ2018 የአሜሪካው ቢሮ ማመልከቻውን ውድቅ አደረገ፤ ጉግልም ተወው። ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። በሰኔ 2019 ማይክሮሶፍት በዚሁ ዘዴ አንድ ዓይነት ላይ ሌላ ማመልከቻ አስገባ። በጥቅምት 2020 «የመጨረሻ ውድቅ» ደረሰው። በመጋቢት 2021 እንደገና እንዲታይለት ጠየቀ። በጥር 2022 ፓተንቱ ተሰጠው። ከላይ «የመጨረሻ ውድቅ መጨረሻ አይደለም» ያልኩት ለዚህ ነው፤ ለአመልካቹ መልካም ዜና የሆነው ለሌላው መርዶ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አውሮፓ ማመልከቻው ከታተመ በኋላ ማንም ሰው፣ ስሙን ሳይገልጽም፣ ያለ ክፍያ ለመርማሪው ሰነድ መላክ ይችላል። አሜሪካም ይፈቅዳል፤ ጊዜው ግን ጠባብ ነው። ከታተመ 6 ወር ሳይሞላ ወይም የመጀመሪያው ውድቅ ሳይጻፍ መድረስ አለበት፤ ከሁለቱ የዘገየው ይወሰዳል። ይሁንታው አስቀድሞ ከተጻፈ ግን በሩ ተዘጋ። ደብዳቤዎ ላይ ቁጣዎን አይጻፉ። ሰነዱን፣ ቀኑን፣ ገጹን፣ ከክሌሙ የትኛውን ቃል እንደሚመታ ብቻ ይጻፉ። አውሮፓ ከተሰጠ በኋላም 9 ወር የመቃወሚያ ጊዜ አለ።

ኢንኮደሩን ልጠይቅ ወይስ ዲኮደሩን? ቢትስትሪሙንስ?

ሁለቱንም ይጠይቁ። ዲኮደሩን ግን በጭራሽ አይርሱ። ኢንኮደር፣ ቪዲዮውን የሚያምቀው ክፍል፣ የሚሠራው ሌላ ሰው ሰርቨር ውስጥ ነው፤ ዘዴዎን ይጠቀም አይጠቀም ከውጭ ማየት ይከብዳል። ዲኮደር ግን በየስልኩና በየቴሌቪዥኑ አለ። የቢትስትሪሙ (ታምቆ የሚላከው ዳታ) አጻጻፍ ስታንዳርድ ላይ ስለተቀመጠ ያንን የሚያነብ ሁሉ እርስዎ የጻፉትን እርምጃ ይሄዳል ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ብልሃትዎ ኢንኮደሩ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፈጣን ፍለጋ፣ ፓተንቱን ማግኘት ይችሉ ይሆናል፤ ማስከበሩ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ቢትስትሪሙን በተመለከተ ሁለቱ አህጉሮች ይለያያሉ። አሜሪካ በ2007ቱ የናውተን ፍርድ መሠረት በአየር ላይ የሚሄድ ምልክት ብቻውን ፓተንት አይደረግም። ስለዚህ «ቢትስትሪሙን የያዘ ማስቀመጫ» ተብሎ ይጻፋል፤ እሱም «አላፊ ያልሆነ» የሚል ቃል ካልተጨመረበት መርማሪው ይመልሰዋል። አውሮፓ ውስጥ የዳታው አወቃቀር ራሱ ለዲኮደሩ ሥራ የሚያስፈልግ ከሆነ የተሻለ ዕድል አለው።

ምርመራው ሳያልቅ አዲስ ስታንዳርድ ወጣ። ክሌሜን እንዲገጥመው ላስተካክል?

ማስተካከል ይቻላል። ገደቡ መጀመሪያ ያስገቡት ጽሑፍ ነው። እዚያ ውስጥ የሌለ ነገር በኋላ አይገባም። አውሮፓ እዚህ ላይ በጣም ጥብቅ ናት። መግለጫዎ «8 በ8 ብሎክ» ብቻ ካለ በኋላ «ማንኛውም ብሎክ» ማለት አይችሉም። ስታንዳርዱ 4 በ4 ቢጠቀም እያዩት ያልፍዎታል። መግለጫው ሲጻፍ አማራጮቹን ሁሉ መዘርዘር የሚመከረው ለዚህ ነው፦ ሌላ የብሎክ መጠን፣ ሌላ ቅደም ተከተል፣ ሌላ የምልክት አላላክ።

አሜሪካ የመጀመሪያው ፓተንት ከመሰጠቱ በፊት ከዚያው መግለጫ ሌላ ማመልከቻ መቀጠል ይፈቀዳል። ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን በደንብ ያውቁበታል። አንድ ማመልከቻ ክፍት አድርገው ይተዉና ስታንዳርዱ ምን እንደመረጠ ካዩ በኋላ ክሌሙን በልኩ ይሰፉታል። ሕጋዊ ነው፤ ብዙ መሐንዲስ ግን አይወደውም።

ፓተንቱ ለስታንዳርዱ የግድ አስፈላጊ ነው ወይ የሚለውን መርማሪው አይወስንም። እሱ የሚያየው አዲስነቱንና ብቃቱን ነው። አስፈላጊነቱ የሚጣራው በኋላ ነው፤ በፈቃድ ድርድር፣ የብዙ ድርጅቶችን ፓተንት በአንድ ፈቃድ በሚሰጡ የፓተንት ማኅበሮች ገምጋሚዎች ወይም በፍርድ ቤት። እርስዎ ራስዎ በስታንዳርዱ ስብሰባ ከተሳተፉ ደግሞ በተመጣጣኝና አድልዎ በሌለው ዋጋ ፈቃድ እሰጣለሁ የሚል ቃል ሊጠየቁ ይችላሉ። ያንን ፎርም ከመፈረምዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩት።